ጋላክሲዎች በኢንፍራሬድ እና በሬዲዮ፦ ሁለቱ ጨረሮች ለምን አብረው ይሄዳሉ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ዕትም ስለ ጋላክሲዎች ባቀረብነው ጽሑፍ ውስጥ፣ የአንድ ጋላክሲ የኢንፍራሬድ ጨረር መጠን ከታወቀ የሬዲዮ ጨረሩን መጠን ሳይለኩ መገመት እንደሚቻል የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሮ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም በርካታ ደብዳቤዎችን አስከትሏል። ከእነርሱ መካከል አምስቱን መርጠን በዚህ ዕትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኢንፍራሬድ ከሞቁ አካላት የሚወጣ ጨረር እንደሆነ፣ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ከኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴ እንደሚመነጭ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ታዲያ በኢንፍራሬድ የበረታ ጋላክሲ በሬዲዮም የሚበረታው ለምንድን ነው? ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የፊዚክስ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱ ጨረሮች እርስ በርሳቸው በቀጥታ አይገናኙም፤ የሚገናኙት በምንጫቸው ነው። የጋራ ምንጫቸውም መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ ከስምንት እጥፍ በላይ የሆነ ግዙፍ ከዋክብት ናቸው። እነዚህ ከዋክብት በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ነዳጃቸውን የሚያቃጥሉት በከፍተኛ ፍጥነት ነው። ፀሐይ ወደ 10 ቢሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ሲኖራት፣ እነርሱ ከጥቂት ሚሊዮን እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። የጨረሮቹ ታሪክም በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ከዋክብቱ በሕይወት ሳሉ የሚሆነው ነው፣ ሁለተኛው ከሞታቸው በኋላ የሚሆነው።

በሕይወት ሳሉ ከብርሃናቸው አብዛኛውን የሚሰጡት በአልትራቫዮሌት ነው። የተወለዱበት የጋዝ ደመና ግን በሲሊኬትና በካርቦን ደቃቅ አቧራ የተሞላ በመሆኑ፣ አልትራቫዮሌቱ ሩቅ ሳይሄድ በአቧራው ይዋጣል፤ አቧራውም በዚህ ይሞቃል። እዚህ ላይ መሞቅ ሲባል ከ20 እስከ 50 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ250 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መድረስ ማለት ነው። ይህን ያህል የቀዘቀዘ አካል ጨረሩ የሚበረታው የሞገድ ርዝመቱ ከ60 እስከ 150 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በሚደርሰው በሩቅ ኢንፍራሬድ ክልል ነው። የጋላክሲው የኢንፍራሬድ ጨረር ዋና ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሲሞቱ ደግሞ በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ይበታተናሉ። ፍንዳታው በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየገፋ በሚፈጥረው የድንጋጤ ሞገድ ውስጥ፣ የተሞሉ ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ እየተላጉ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ድረስ ይፋጠናሉ። ከፍንዳታው የእንቅስቃሴ ጉልበት ውስጥ አንድ አሥረኛ የሚሆነው ወደ እነዚህ ቅንጣቶች፣ ማለትም ወደ ኮስሚክ ጨረር፣ እንደሚሸጋገር ይገመታል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ፕሮቶኖች ሲወስዱት ለኤሌክትሮኖች የሚደርሰው ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። ይህችው ትንሽ ድርሻ ግን ለሬዲዮው በቂ ናት፤ ኤሌክትሮኖቹ በጋላክሲው መግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሲጓዙ ሲንክሮትሮን የሚባለውን ጨረር ይረጫሉ፣ እኛም በሬዲዮ ቴሌስኮፕ እንሰማቸዋለን። መስኩ በተራ ጋላክሲ ውስጥ 10 ማይክሮጋውስ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ በሠላሳ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ የደከመ ነው። 1.4 ጊጋኸርትዝ በሚሆነው ድግግሞሽ ላይ ከሚለካው የሬዲዮ ጨረር አንድ አሥረኛው ገደማ ግን ከሲንክሮትሮን ሳይሆን በከዋክብቱ ዙሪያ ከሞቀው ጋዝ በቀጥታ የሚወጣ ነው።

ግንኙነቱን መጀመሪያ ያስተዋለው ሆላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒተር ቫን ደር ክሩይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 ባወጣቸው ጽሑፎች የጋላክሲዎች ማዕከል በ10 ማይክሮን ላይ ያለው ድምቀት ከሬዲዮ ድምቀቱ ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። በወቅቱ የነበሩት የኢንፍራሬድ ልኬቶች ጥቂት ስለነበሩ ነገሩ ሰፊ ትኩረት የሳበው አይራስ የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ከመጠቀ በኋላ ነው። አይራስ መስታወቱ 57 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ሂሊየሙ እስኪያልቅ ድረስ በሠራባቸው አሥር ወራት 96 በመቶ የሚሆነውን ሰማይ በ12፣ በ25፣ በ60 እና በ100 ማይክሮን ቃኘ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የሳተላይቱን ውጤት ከሬዲዮ ልኬቶች ጋር አስተያይተው፣ ግንኙነቱ ከተጠበቀው በላይ ጥብቅ መሆኑን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 1,809 ጋላክሲዎችን ያካተተ ጥናት ወጥቶ፣ ከእነዚህ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕጉን እንደሚከተሉ አረጋገጠ።

መምህር ስለሆኑ ስሌቱን ለተማሪዎች ማሳየት ይፈልጉ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት በጃንስኪ (ከሰማይ የሚደርሰን ጨረር ጥንካሬ መለኪያ አሃድ) የተለካውን የ60 ማይክሮን ውጤት በ2.58 አባዝተው የ100 ማይክሮኑን በመደመር፣ ድምሩን በ0.336 በማባዛት፣ የተገኘውን በ1.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ለተለካው ሬዲዮ አካፍለው ሎጋሪዝሙን በመውሰድ ነው። ኤም 82 የተባለችውን፣ ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቀውን ጋላክሲ እንውሰድ። በ60 ማይክሮን 1,480፣ በ100 ማይክሮን 1,370፣ በሬዲዮ 7.7 ጃንስኪ ገደማ ትሰጣለች። የኢንፍራሬዱ ስሌት ወደ 1,740 ይመጣል፤ ለ7.7 ሲካፈል 226፣ ሎጋሪዝሙ 2.35 ይሆናል። በደቡባዊ ሰማይ ያለችው ኤንጂሲ 253 ደግሞ በቅደም ተከተል 970፣ 1,290 እና 6 ገደማ ስላላት 2.33 ትሰጣለች። በ1,809ኙ ጋላክሲዎች ላይ የተገኘው አማካይ 2.34 ነው። ከእኛ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ የምትገኘውና በኢንፍራሬድ ከኤም 82 በብዙ አሥር እጥፍ የምትበልጠው አርፕ 220 እንኳ 2.6 ገደማ ላይ ትቀመጣለች። ሎጋሪዝም መሆኑን ሳይዘነጉ ይህን ከፍታ ቢመለከቱት ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ «ነገሩ ለምን እንደ ተአምር እንደሚወራ አልገባኝም። ትልቅ ጋላክሲ ብዙ ከዋክብት፣ ብዙ ጋዝ፣ ብዙ አቧራ አለው፤ ስለዚህ በሁሉም ነገር ይበልጣል። ሁለት ነገሮች አብረው ማደጋቸው ምን ያስደንቃል?» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በሥነ ፈለክ ውስጥ ከሚታተሙት ግንኙነቶች ጥቂት የማይባሉት ከዚህ ያልዘለለ ፍሬ የላቸውም፤ ትልቁ በሁሉም ትልቅ፣ ትንሹ በሁሉም ትንሽ ነው ከማለት አያልፉም። የኢንፍራሬድ እና የሬዲዮ ግንኙነት ከእነዚህ የሚለየው አብሮ በማደጉ ሳይሆን በጥብቅነቱ ነው። ድምቀታቸው በመቶ ሺህ እጥፍ የሚለያዩ ጋላክሲዎች የኢንፍራሬድና የሬዲዮ ጥምርታቸው ከአማካዩ የሚርቀው በአብዛኛው ከሁለት እጥፍ ባነሰ ነው። የጋራ ምንጭ አላቸው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ይህን ጥብቅነት አያስረዳም፤ በእኔ እምነት በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ማብራሪያው እዚያ ላይ መቆሙ አንባቢን ያሳስታል።

ምክንያቱን ለማየት በሁለቱ መንገዶች ላይ ያሉትን ደረጃዎች ይመልከቱ። ኢንፍራሬዱ የሚወሰነው በከዋክብቱ ብርሃንና በአቧራው ብዛት ነው። ሬዲዮው ግን ፍንዳታው ለኤሌክትሮኖች በሚሰጠው ድርሻ፣ በመግነጢሳዊ መስኩ ጥንካሬ፣ ኤሌክትሮኖቹ ከጋላክሲው አምልጠው በሚወጡበት ፍጥነት፣ ከጋዝና ከብርሃን ጋር ተጋጭተው በሚያጡት ጉልበት ላይ ሁሉ ይመሠረታል። አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ሴኮንድ የሚረጨው የሲንክሮትሮን ኃይል ከመስኩ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ መስኩ በአሥር እጥፍ ቢበረታ ጨረሩ በመቶ እጥፍ ይበረታል። በኤም 82 ማዕከል ያለው መስክ ደግሞ ከተራ ጋላክሲ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የጠነከረ ነው። ታዲያ ጥምርታዋ ከሌሎቹ ጋር እንዴት አንድ ሆነ? ከዚህም በላይ የጊዜ ልዩነት አለ። አቧራው የሚሞቀው ኮከቡ በተወለደ ማግስት ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚመጡት ኮከቡ ከሞተ በኋላ ነው፤ ከዚያም ለአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ያህል እየዞሩ ይቆያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ፎልክ ለዚህ ጥያቄ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኤሌክትሮኖቹ ከጋላክሲው ሳይወጡ ጉልበታቸውን ሁሉ እዚያው ይጨርሳሉ፤ አልትራቫዮሌቱም እንዲሁ ሳያመልጥ በአቧራው ይዋጣል የሚል ነው። ደመወዝተኞቹ ከከተማው ሳይወጡ ደመወዛቸውን አሟጠው የሚያወጡበት ከተማ ቢኖር፣ ገንዘቡ በአንድ ቀን ቢያልቅም በወር ቢያልቅም የነጋዴዎቹ ጠቅላላ ገቢ ከተከፈለው ደመወዝ ጋር እኩል ነው። በዚሁ አስተሳሰብ የመስኩ ጥንካሬ የሚወስነው ጉልበቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልቅ እንጂ በጠቅላላው ምን ያህል ጨረር እንደሚወጣ አይደለም። የሁለቱም ጨረሮች መጠን በየጊዜው የሚወለዱትን ግዙፍ ከዋክብት ብዛት ብቻ ይከተላል፤ ጥምርታውም ቋሚ ይሆናል።

ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ግን ለሁሉም ጋላክሲ አይሠራም። የእኛን ፍኖተ ሐሊብ በመሰሉ ጋላክሲዎች ውስጥ ኤሌክትሮኖች በብዛት እንደሚያመልጡ ይታወቃል። ከከዋክብቱ ብርሃንም ከፊሉ በአቧራው ሳይያዝ ይወጣል። በትንንሾቹ ጋላክሲዎች ችግሩ ይከፋል፤ አቧራቸው ጥቂት ስለሆነ ኢንፍራሬዳቸው ከዋክብታቸው ከሚፈቅደው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሪክ ቤል እንዳሳየው የእነዚህ የሬዲዮ ጨረርም በተመሳሳይ መጠን ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጉድለቶች ተመጣጥነው ጥምርታው ሳይነካ ይቀራል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ በጋዝ በተጨናነቁት በነኤም 82 ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ጉልበታቸውን ለሲንክሮትሮን ብቻ ሳይሆን ከጋዝና ከብርሃን ጋር በመጋጨት ጭምር ስለሚያጡ ሬዲዮው መቀነስ ነበረበት። ሆኖም ፕሮቶኖቹ ከጋዙ ጋር ሲጋጩ ተጨማሪ ኤሌክትሮኖችን ስለሚፈጥሩ የጎደለው ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብሪያን ላኪ፣ ቶድ ቶምፕሰን እና ኤሊዮት ኳታርት ይህን ሁሉ በአንድ ሞዴል አስልተው፣ ተቃራኒ ውጤቶች እየተጣፉ ጥምርታውን በሰፊ ክልል ቋሚ ሊያደርጉት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለዚህ «ሴራ» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ስያሜው የተቀባይነት ሳይሆን የምቾት ማጣት ምልክት ነው።

በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ዋና አስተባባሪ የጋዝ ጥግግት ነው። ጋዝ በተጠጋጋበት ቦታ ብዙ ከዋክብት ይወለዳሉ፤ አቧራውም ስለሚወፍር ብርሃኑ አያመልጥም። የጋዙ ሁከት መግነጢሳዊ መስኩን እያጎለበተ ስለሚሄድም ኤሌክትሮኖቹ በፍጥነት ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ። ይህ ማለት በሁለቱም መንገዶች ላይ ያሉት ደረጃዎች አንድ ጌታ አላቸው ማለት ነው። ግንኙነቱ በጋላክሲዎች ውስጥ በየአካባቢውም መታየቱ ይህን ያጠናክራል። በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ውስጥ ከማዕከሉ 33 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በክብ የተዘረጋው የከዋክብት መወለጃ ቀለበት በኢንፍራሬድም በሬዲዮም በአንድ ስፍራ ይታያል። ዝርዝሩ እየጠበበ ሲሄድ ግን ዝምድናው ይላላል። ኤሌክትሮኖቹ ከተወለዱበት ስፍራ በሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ስለሚሰደዱ፣ የአንድ ጋላክሲ የሬዲዮ ምስል የኢንፍራሬድ ምስሉን የደበዘዘ ቅጂ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «እነዚህን ጋላክሲዎች ከኢትዮጵያ ማየት ይቻላል? ግንኙነቱንስ እዚህ ሆኖ መፈተሽ?» የሥነ ፈለክ ክበብ አባል፣ ከመቀሌ

መልስ፦ ማየት ይቻላል። በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከከተማ መብራት በራቀ ቦታ ለዓይን ብቻ እንደ ደበዘዘ ደመና ይገኛል። በዚያው ሰዓት ፊትዎን ወደ ደቡብ ቢያዞሩ ኤንጂሲ 253 በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ እርሷን ለማየት ግን ቢኖኩላር ያስፈልጋል። ኤም 82 የምትገኘው በታላቁ ድብ ውስጥ ነው። በመጋቢት መጨረሻ በዚያው ሰዓት በሰሜን በኩል ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ትደርሳለች፤ ከአዲስ አበባ 29 ዲግሪ፣ ከእናንተ ከመቀሌ 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል እናንተ ትሻላላችሁ። ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃታል።

በቴሌስኮፑ የሚታየው ግን የከዋክብቱ ብርሃን እንጂ እዚህ የምንነጋገርባቸው ሁለት ጨረሮች አይደሉም። ሩቅ ኢንፍራሬድን በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ስለሚያስቀረው ከየትኛውም አገር ምድር ላይ ሆኖ መለካት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ አይራስም ሆነ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የሠራው ሄርሼል የተሰኘው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ የመጠቁት ለዚህ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ግን ያለ ችግር ስለሚያልፍ ከምድር ይለካል። በአህጉራችን ለዚህ የሚሆነው ትልቁ መሣሪያ በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው፣ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት ነው። የአይራስ መለኪያዎችም ሆኑ የሬዲዮ ቅኝቶቹ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ፣ ክበባችሁ ከላይ ያሳየነውን ስሌት በመቶዎች በሚቆጠሩ ጋላክሲዎች ላይ ኢንተርኔት ባለው ኮምፒውተር መድገም ይችላል።

ጥያቄ፦ «ሕጉን የማይከተሉት ሁለት በመቶ ምንድን ናቸው? ብላክ ሆሎች ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?» አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለብዙ ተመራማሪዎች ከሕጉ ይልቅ የሚጥሙት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹ የሬዲዮ ጨረራቸው ከሚገባው በላይ የበዛ ሲሆን፣ ትርፉ የሚመጣው ከከዋክብት ሳይሆን በማዕከላቸው ካለ ግዙፍ ብላክ ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የብላክ ሆሉ ምስል ይፋ የሆነለትን ኤም 87ን ያስታውሱ። በ1.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ወደ 200 ጃንስኪ ይለካል፤ በ60 ማይክሮን ግን አንድ ጃንስኪ እንኳ አይሞላም። በኤም 82 ኢንፍራሬዱ ከሬዲዮው በ200 እጥፍ ያህል ሲበልጥ እዚህ ሬዲዮው ኢንፍራሬዱን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ከብላክ ሆሉ አካባቢ የሚፈነጠቀው ጄት፣ ማለትም ጠባብ የቅንጣቶች ፍሰት፣ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያፋጥን፣ ጋላክሲው አንድም አዲስ ኮከብ ባይወልድ በሬዲዮ ይደምቃል። ስለዚህ ጥምርታው ብላክ ሆላቸው የነቃ ጋላክሲዎችን ለመለየት ያገለግላል። ጄታቸው ደካማ የሆኑት ግን ከተራዎቹ ጋር ተደባልቀው ስለሚቀሩ መለያው ሁሉን አጣሪ አይደለም።

ትርፍ ሬዲዮ ሁልጊዜ የብላክ ሆል ሥራ ነው ማለትም አይደለም። ዩጂሲ 12914 እና ዩጂሲ 12915 የተባሉት ሁለት ጋላክሲዎች ከሃያ እስከ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ፊት ለፊት ተጋጭተው አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ወጥቷል። ከዋክብቱ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለ ሳይነካኩ ሲያልፉ፣ ጋዞቹ ግን ተጋጭተው በመካከል ቀሩ። መግነጢሳዊ መስኮቻቸውም ከጋዙ ጋር ተጎትተው በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ተዘረጉ። ከጠቅላላው የሬዲዮ ጨረር ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከዚህ ድልድይ ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ ይህን የሚመጥን የኢንፍራሬድ ጨረር የለም። ከዋክብትን ከጋዝ፣ ጋዝን ከመስክ ለይቶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በተቃራኒው ሬዲዮ የጎደላቸውም አሉ። ኤንጂሲ 1377 በኢንፍራሬድ ደማቅ ሆና ሳለ ሬዲዮዋ ከሚጠበቀው ከ30 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሌን ሩሰል የመሩት ቡድን፣ በዚች ጋላክሲ ውስጥ ግዙፎቹ ከዋክብት ገና በቅርቡ ተወልደው አቧራውን ቢያሞቁም የመጀመሪያዎቹ ሱፐርኖቫዎች የሚፈነዱበት ጊዜ አልደረሰም የሚል ማብራሪያ አቀረቡ። ሐሳቡ ከላይ የጠቀስነውን የጊዜ ልዩነት በዓይን የሚያሳይ በመሆኑ ወዲያው ይማርካል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ግን በቺሊ ያለው አልማ ቴሌስኮፕ ከማዕከሏ የሚወጣ ጠባብ የቀዝቃዛ ጋዝ ጄት ስላገኘ፣ አቧራውን የሚያሞቀው የተሸፈነ ብላክ ሆል ሊሆን ይችላል የሚለው ማብራሪያ ተጠናክሯል።

ጥያቄ፦ «ግንኙነቱ ለምን ይጠቅማል? በጣም በራቁት ጋላክሲዎች ላይስ ይሠራል?» ኢንጂነር፣ ከአሜሪካ ሜሪላንድ

መልስ፦ ዋናው ጥቅሙ አቧራ የሸፈነውን የከዋክብት መወለድ ለመለካት ነው። በተራ ብርሃን የሚታየው ያልተሸፈነው ብቻ ስለሆነ፣ በነአርፕ 220 ላይ በዚህ ተመርኩዞ የሚሰጥ ግምት ከእውነቱ በብዙ ያነሰ ይሆናል። የሬዲዮ ሞገድ በአቧራ አይገታም። ግንኙነቱ ስላለም የሬዲዮ ድምቀትን ወደ ከዋክብት መወለድ መጠን መቀየር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሃዋይ ተራራ ላይ ያለው የጄምስ ክለርክ ማክስዌል ቴሌስኮፕ በ850 ማይክሮን አዳዲስ ሩቅ ጋላክሲዎችን ሲያገኝ ምስሉ ሻካራ ስለነበር፣ በአንዱ ነጥብ ውስጥ በርካታ ጋላክሲዎች ይገኙ ነበር። የትኛው እንደሆነ የለየው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያሉት 27 ሳህኖች የሰጡት ጥርት ያለ የሬዲዮ ምስል ነው፤ አቧራው የሞቀበት ጋላክሲ በሬዲዮም የሚታየው መሆን ነበረበትና።

ስለ ሩቆቹ ያነሡት ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው። ከዩኒቨርስ ጅማሬ የቀረው የማይክሮዌቭ ጨረር በጥንቱ ዘመን እጅግ የበረታ ነበር። ዩኒቨርስ የአሁኑን መጠን ሩብ ያህል በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም ከ11 ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ የዚህ ጨረር ጥግግት ከዛሬው 256 እጥፍ ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ከዚህ ብርሃን ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን ስለሚያጡ ለሬዲዮው የሚተርፋቸው ማነስ ነበረበት፤ ኢንፍራሬዱ ግን ስለማይነካ ጥምርታው ወደ ላይ መውጣት አለበት። ልኬቶቹ የሚያሳዩት ይህን አይደለም። በርካታ ጥናቶች ወደ ጥንት በተሄደ ቁጥር ጥምርታው በዝግታ እንደሚወርድ፣ ማለትም ሬዲዮው እንዲያውም ከኢንፍራሬዱ አንጻር በትንሹ እንደሚጨምር አግኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኮስሞስ በተባለው የሰማይ ክፍል ከ400 ሺህ በላይ ጋላክሲዎችን ያጠና ቡድን ለዚህ የተለየ ንባብ ሰጠ። ጥምርታው ከዘመኑ ይልቅ በዋናነት የሚከተለው የጋላክሲውን የከዋክብት መጠነ ቁስ ነው፤ ከበድ ያሉት ጋላክሲዎች ዝቅ ያለ ጥምርታ አላቸው። በሩቅ የምናያቸው ብዙውን ጊዜ ደማቆቹና ከባዶቹ ብቻ ስለሆኑ፣ የመጠነ ቁስ ውጤት የዘመን ውጤት መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። እኔም ይህን ንባብ እመርጣለሁ። ይህ ትክክል ከሆነ ግን ከሬዲዮ የከዋክብትን መወለድ የሚያሰላ ሰው ከእንግዲህ ለሁሉም ጋላክሲ 2.34ን መጠቀም አይበቃውም፤ አስቀድሞ የጋላክሲውን መጠነ ቁስ ማወቅ ይኖርበታል፣ እርሱም የሚገኘው ከተራ ብርሃንና ከቅርብ ኢንፍራሬድ ልኬት ነው።